ማሰሪያን መፍታትና መራመድ

እድገት በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በእግር ሥራ ነው። ኑሮው የተቃናለት ሰው «በእግሩ ቆመ» ይባላል፤ ዕውቀቱና ሀብቱ የዳበረለት ሕዝብ «ወደፊት ተራመደ» ይባላል፤ ሕፃን ዳዴ ብሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ በመጨረሻም እጁን ለቆ ሲቆም ጎረቤት ሳይቀር «ወፌ ቆመች» እያለ ያጨበጭብለታል። በዚህ አነጋገር ውስጥ መቆምና መራመድ የሰውነት ክንዋኔ ብቻ ሳይሆኑ ሰው ከሰው የመቆጠሩ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህም መራመድ የተሳነው ልጅ ባለበት ቤት የሚነሣው ጥያቄ የጤና ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እድገት ምንድን ነው? በማንስ ልክ ይለካል? የሰውን እግር ከያዘው ነገር ማላቀቅና ሰውን ለመራመድ ማብቃት አንድ ናቸውን? የሚሉ የፍልስፍናና የግብረገብ ጥያቄዎችም አብረው ይነሣሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች ከረቂቅ ሐሳብነት አውጥቶ በተጨባጭ የሚያሳይ አንድ የሕክምና ታሪክ አለ። ይኸውም የልጆችን የጡንቻ ግትርነት ለመቀነስ የሚደረገው የነርቭ ሥር ቀዶ ሕክምናና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የመራመድ ትግል ነው። በማኅፀን ሳለ፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ በተባለው ችግር ሊያዝ ይችላል። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ከእጅ ይልቅ እግርን የሚያጠቃው ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሲቆም ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል፤ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይሳሳባሉ፤ ሲራመድም ጭኖቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። የአንጎሉ ቁስል በራሱ እየሰፋ የሚሄድ አይደለም። ሰውነት ግን ያድጋል። አጥንት ሲረዝም የተገተረ ጡንቻ እኩል አይረዝምምና፣ በ3 ዓመት ዕድሜ ተቃንቶ ይዘረጋ የነበረ እግር በ10 ዓመት አልዘረጋ ሊል ይችላል። እንግዲህ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ አይደለም።

ጡንቻው የሚገተረው ራሱ ታሞ እንዳልሆነ መረዳት ተገቢ ነው። በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ ጡንቻ በተሳበ ቁጥር የመሳቡ ወሬ በኋላ በኩል ባለው የነርቭ ሥር አድርጎ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባል፤ ከዚያም የመኮማተር ትእዛዝ በፊት በኩል ባለው ሥር ተመልሶ ይወጣል። ጤናማ አንጎል ይህን ምልልስ ከላይ ሆኖ ይገራዋል። የተጎዳ አንጎል ግን የመግራቱን መልእክት በሚገባ ሊልክ ስለማይችል ምልልሱ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል። ልጁ እግሩን ሊያነሣ ሲፈልግ እግሩ የሚሰማው የልጁን ፈቃድ ሳይሆን የራሱን ጩኸት ነው።

ይህን ለማወቅ የብዙ ሰዎች ድካም ጠይቋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል በልጅነቱ እግሩ የተጣመመ ሰው ነበር። በ1836 ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በሐኖቨር ከተማ በሉዊ ሽትሮማየር እጅ ጅማቱን ተቀዶ ከዳነ በኋላ ጥበቡን ወደ አገሩ ይዞ ተመለሰ፤ በ1861ም የልጆችን የእግር ግትርነት ከአስቸጋሪ ልደት ጋር የሚያያይዝ ጥናት ለለንደን የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር አቀረበ። በ1898 ቻርልስ ሸሪንግተን በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር ግትርነት የኋለኛው የነርቭ ሥር ሲቆረጥ እንደሚላላ አሳየ። በ1908 ደግሞ በብሬስላው፣ ይኸውም ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ በምትባለው ከተማ፣ ኦትፍሪድ ፎርስተር ይህንኑ ዕውቀት ወደ ሰው ሕክምና አሸጋገረው። ይህ ሰው ኋላ ከ1922 እስከ 1924 ሌኒንን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነው። ፎርስተር የቀዶ ሕክምናውን መንገድ ከመቀየሱ በፊት የልምምድ ሕክምና ተመራማሪ እንደነበረ ማስታወስ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። ቢላዋውን ያሰበው ሰው ልምምድን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር።

ሥራው በዚያ አልቆመም። ሥሩን በሙሉ መቁረጥ ስሜትን ጭምር የሚያጠፋ ስለሆነ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ፣ በጣሊያን አገር በቱሪን የነበሩ ሐኪሞች የጥፋተኛውን ክር ከንጹሑ የሚለዩበትን ዘዴ ፈለጉ። በቱሪን ቪክቶር ፋዛኖ እያንዳንዱን የሥር ክር በኤሌክትሪክ እየነካ የጡንቻውን መልስ መመርመር ጀመረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የቀይ መስቀል የልጆች ሆስፒታል ዎሪክ ፒኮክ የቀዶውን ስፍራ ወደ ታች፣ የነርቭ ሥሮች እንደ ፈረስ ጭራ ተንጠልጥለው ወደሚታዩበት ክፍል አወረደው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መንገድ ከዚያ የወጣ ነው። ሐኪሙ ሥሮቹን ወደ ቀጫጭን ክሮች ይከፍላል፤ አንድ በአንድ ይፈትናል፤ ከልክ በላይ የሚጮኸውን ይቆርጣል፤ የቀረውን ይተዋል። የተቆረጠው ዳግመኛ አይቀጠልም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር የጥያቄው እምብርት ነው። ልጁ ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ ግትርነቱ ላልቷል። ነገር ግን ያ ግትርነት ጠላቱ ብቻ ሳይሆን ምርኩዙም ነበር። በጣቱ ጫፍ ያቆመው፣ ጉልበቱ እንዳይከዳው የያዘው፣ የተገተረው ጡንቻ ነበር። ማሰሪያው ሲፈታ ከማሰሪያው በታች ተደብቆ የኖረው ድካም ይገለጣል። አማርኛ «ጉልበት» በሚለው አንድ ቃል የእግርን መታጠፊያና የሰውን ኃይል በአንድነት መጥራቱ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ልጁ ጉልበቱ ተፈትቷል፤ ጉልበት ግን ገና የለውም።

ለምሳሌ አንዲት የ5 ዓመት ልጅ እንውሰድ ቢባል፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እየተንገዳገደችም ቢሆን የእናቷን እጅ ይዛ ከአልጋ እስከ በር ትደርስ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት በጀርባዋ ተኝታ ትቆያለች። ስትቀመጥ ወገቧ አልጸና ይላል። ስትነሣ እግሮቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይታጠፉባታል። እናቲቱ ይህን ስታይ «የነበራትን አሳጣኋት» ብላ ብታለቅስ የሚፈርድባት የለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የወራት፣ አንዳንዴም የሁለት ዓመት ሥራ ነው። የመቀመጫን ጡንቻ ማጠንከር፣ ከዝቅተኛ ወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት፣ በጉልበት ተንበርክኮ ሚዛን መጠበቅ፣ ተረከዝን አስቀድሞ ማሳረፍ፣ ደረጃ አንድ በአንድ መውጣት፤ ይህ ሁሉ በየቀኑ፣ በድካም፣ በእንባም ጭምር ይደገማል። ልጅቱ አዲስ እግር አልተሰጣትም። አሮጌውን እግሯን በአዲስ ሕግ የመምራት ሥራ ነው የተሰጣት።

እንግዲህ በዚያ የመጀመሪያ ሳምንት ልጅቱ ወደፊት ሄደች ወይስ ወደ ኋላ ተመለሰች? በእርምጃ ቁጥር ቢሰላ ተመልሳለች፤ ትናንት አሥር ትራመድ የነበረችው ዛሬ አንድም አትራመድም። ሊሆን በሚችለው ቢሰላ ግን መንገድ ተከፍቶላታል። አይዛያ በርሊን በ1958 በኦክስፎርድ ባሰማው ንግግር ነፃነትን በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ከሚያግድ ነገር ነፃ መሆን ሲሆን ሁለተኛው የራስ ጌታ መሆን ነው። በርሊን ይህን የተናገረው ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ ቢሆንም ክፍፍሉ ለዚህች ልጅ እግርም ይሠራል። ቢላዋው የሚሰጣት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ማንም ቀዶ ሐኪም ሊሰጣት አይችልም፤ እሷ ራሷ ከሌሎች ጋር ሆና የምትሠራው ነውና። ነፃ ከመውጣት እስከ መቻል ያለው ርቀት በድካም የሚሸፈን ነው፤ ያን ርቀት ያልቆጠረ ደስታ ሁሉ ቶሎ ወደ ኀዘን ይለወጣል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ እንዲህ ባለው ጊዜ ለማጽናኛ ይነገራል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚተረጎምበት መንገድ ግን ጎደሎ ነው። ጊዜ ብቻውን እንቁላልን በእግሩ አያስኬድም። ታዛ ሥር ለ21 ቀን የተቀመጠ እንቁላል ይበላሻል እንጂ አይሄድም። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው፣ ሙቀቷን ስላልነፈገችው፣ እያገላበጠች ስለጠበቀችው ነው። በውስጡም የሚያድግ ሕይወት ስላለ ነው። ስለዚህ ምሳሌው በሙሉ ሲነበብ የሚናገረው ስለ ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ስለ መታቀፍም ነው። ከላይ እንደታየው በግትርነት ለተያዘ ልጅ ያልታቀፈ ጊዜ ጠላት ነው፤ የታቀፈ ጊዜ ግን ወዳጅ ይሆናል።

ይህ ስሜት የወለደው አነጋገር እንዳልሆነ ምርምር ይመሰክራል። በ1997ና በ1998 በካናዳ በቫንኩቨርና በቶሮንቶ፣ በአሜሪካም በሲያትል የተደረጉ ሦስት ጥናቶች ውጤታቸውን አወጡ። በሦስቱም ልጆች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቀዶ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ፣ ግማሾቹ ፊዚዮቴራፒ ብቻ አገኙ። በሦስቱም ስፍራ የተቀደዱት ልጆች ግትርነት ቀነሰ። በቫንኩቨርና በቶሮንቶ የተቀደዱት በእንቅስቃሴም ብልጫ አሳዩ። በሲያትል ግን ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ፤ መሻሻላቸውም ተቀራራቢ ሆነ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀዶ ሕክምናው ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ ሦስቱ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ጥቅሙ መጠነኛ ቢሆንም ይታያልና። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለማቋረጥ የሠራው ኃይል የዕለት ተዕለቱ ልምምድ ነበር። ቢላዋው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ልምምዱ የሺህ ቀን ሥራ ነው። ዝና ግን ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ አንዱ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የተገኙት ማስረጃዎችም ተስፋንና ጥንቃቄን አጣምረው ያስተምራሉ። በእንግሊዝ አገር በ5 ሆስፒታሎች የታከሙ 137 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ሲመረመሩ በእንቅስቃሴም በኑሮም መሻሻላቸው ስለታየ፣ በ2018 የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ሕክምናውን ለሚስማማቸው ልጆች በመንግሥት ወጪ እንዲሰጥ ወሰነ። በኬፕ ታውን በ1980ዎቹ ከታከሙት መካከል የተወሰኑት ከ20 ዓመት በኋላ አካሄዳቸው ሲለካ ያገኙት መሻሻል በአብዛኛው ጸንቶ ተገኘ። በስዊድን በስቶክሆልም የተደረገው ከ10 ዓመት በላይ የዘለቀ ክትትል ግን ግትርነቱ ባይመለስም የልጆቹ የእንቅስቃሴ ችሎታ በ3ኛው ዓመት ገደማ ከፍተኛውን ደረጃ ደርሶ ኋላ እንደቀነሰ፣ የጡንቻም ማጠር እንዳልቀረ አሳየ። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍጻሜ ቃል መግባት ሐሰት ነው። አንዱ ልጅ ያለ ድጋፍ ይራመዳል፤ ሌላው በክራንች ይራመዳል፤ ሌላው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀድሞ ያላገኘውን የተረጋጋ አቀማመጥና ሰላማዊ እንቅልፍ ያገኛል።

እዚህ ላይ ከባዱ የግብረገብ ጥያቄ ይመጣል። ሕክምናው በብዛት የሚሰጠው ከ3 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ልጁ ገና ስለ ራሱ በማይወስንበት ጊዜ ነው። ውሳኔው ደግሞ የማይሻር ነው። የስሜት መቀነስ፣ የሽንት ቁጥጥር መዛባት፣ የአከርካሪ መጣመም ሊያስከትል ይችላል። በሌላው ሰው ሰውነት ላይ፣ ያውም እሺታውን መስጠት በማይችል ልጅ ላይ፣ የማይሻር ነገር መወሰን በምን መብት ነው? «ልጁ እስኪያድግና ራሱ እስኪመርጥ ይቆይ» የሚለው መልስ ሲሰሙት ለልጁ ክብር የቆመ ይመስላል። ነገር ግን መቆየትም ውሳኔ ነው፤ የሚያጥረው ጡንቻ፣ ከስፍራው የሚወጣው የዳሌ አጥንትም የማይሻሩ ናቸውና። ከዚህ አንጻር ሲታይ ወላጅ የሚመርጠው በማድረግና ባለማድረግ መካከል ሳይሆን በሁለት ዓይነት ኃላፊነት መካከል ነው።

ይህን ኃላፊነት ለመግለጽ በአገሩ የቆየ የሕግ ልማድ ውስጥ ተስማሚ ቃል ይገኛል፤ ቃሉ «ዋስ» ነው። ዋስ ስለ ሌላው ሰው ይናገራል፤ ቃሉ የሚጸናው ግን በመናገሩ ሳይሆን በኋላ በመገኘቱ ነው። ስለ ልጅ የሚወስን ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ልጁ ያልሰጠውን እሺታ የሚተካው የወላጅ ፊርማ አይደለም፤ ከፊርማው በኋላ የሚመጣው የሁለት ዓመት መገኘት ነው። ሐኪሙም ዋስ ነው፤ ቆርጦ የሚሄድ ሳይሆን ተከታትሎ የሚጠይቅ ከሆነ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም፣ መምህሩም፣ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው ወገንም ዋሶች ናቸው። ልምምድ በሌለበት፣ ባለሙያ በማይገኝበት፣ ቤተሰቡ ከሥራ ቀርቶ ልጁን የሚያመላልስበት አቅም ባላገኘበት ሁኔታ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ቢደረግ፣ ምርኩዙን ነጥቆ ጉልበት አለመስጠት ይሆናል። ይህ ምንም ያህል በጥሩ ልብ ቢደረግ በደል ነው። ሰውን ከማሰሪያው የሚፈታ ሁሉ፣ የተፈታው ሰው በሚወድቅበት በመጀመሪያው ሳምንት በስፍራው የመገኘት ግዴታ አለበት።

የሚቃወሙም አሉ፤ ተቃውሟቸውም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። «ልጁ እንደ ሌሎቹ እንዲራመድ ይህን ሁሉ ማስጨነቅ እንደ ሌሎቹ ካልሆነ ሰው አይደለም ማለት አይሆንምን?» ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ አደጋ ያመለክታል። ቤተሰብ ልጁን ሳይሆን የጎረቤትን ዓይን እያየ ቢያለማምደው፣ መምህር «እስክትራመድ ጠብቅ» ብሎ ከትምህርት ገበታ ቢያስቀረው፣ ሕክምና የልጁ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ የኅብረተሰቡ እፍረት መሸፈኛ ይሆናል። ቢሆንም መልሱ ሕክምናን መተው ሳይሆን የሕክምናን ዓላማ ማስተካከል ነው። ዓላማው ልጁ ሌላ ልጅ እንዲመስል አይደለም፤ ሊደርስበት ወደሚሻው ስፍራ እንዲደርስ ነው። ወደ ኳሱ፣ ወደ ጓደኛው፣ ወደ ሰሌዳው፣ ሳይጠራ ወደ እናቱ እንዲሄድ ነው። አንድ እርምጃ ዋጋ የሚያገኘው ከመልኩ ሳይሆን ከመድረሻው ነው።

ይህም የልኬትን ጥያቄ ያስነሣል። በ1997 በካናዳ የተዘጋጀው የእንቅስቃሴ ደረጃ ልጆችን በ5 ይከፍላል፤ ያለ ገደብ ከሚራመደው አንስቶ በሁሉም ስፍራ በሰው ወይም በወንበር እስከሚጓጓዘው ድረስ። በ2002 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ657 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በየደረጃው ያሉ ልጆች የየራሳቸው የእድገት መስመር እንዳላቸው አሳየ። ልኬቱ ጠቃሚ ነው፤ ያለ እሱ ሐኪም ከምኞቱ ውጭ ምንም ማወቅ አይችልምና። ትልቁ ቁም ነገሩም ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደር አውጥቶ ከራሱ ትናንት ጋር ማስተያየቱ ነው። ሆኖም ልኬት ሁለት ነገር አይነግርም። አንደኛ፣ ደረጃው ልጁ ዛሬ የሚያደርገውን እንጂ የሚገባውን አይናገርም፤ «የ4ኛ ደረጃ ልጅ ነው» ብሎ ትምህርት የሚቀንስ መምህር ሚዛኑን ወደ ፍርድ ለውጦታል። ሁለተኛ፣ ልኬቱ የሚለካው የልጁን እግር እንጂ የመንገዱን ጠጠር አይደለም።

ስለ እንቅስቃሴ ውበት ጥበበኞችም የሚሉት አላቸው። ጀርመናዊው ደራሲ ሃይንሪክ ፎን ክላይስት በ1810 ስለ ክር አሻንጉሊት ትያትር በጻፈው ድርሰት ውስጥ አንድ የውዝዋዜ ባለሙያ እግራቸውን ያጡ ሰዎች በሰው ሠራሽ እግር፣ ክልሉ ጠባብ ቢሆንም፣ በእርጋታና በለዛ ሲጨፍሩ ሊታዩ እንደሚችሉ ያስረዳል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ለዛ የሚገኘው ከእንቅስቃሴው ስፋት ሳይሆን ፈቃድና አካል ከመስማማታቸው ነውና። እስክስታን የሚያውቅ ተመልካች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በእስክስታ የጥበቡ ሁሉ ክብደት በትከሻና በአንገት ላይ ነው፤ በክራንች የቆመ ሰውም ትከሻው የራሱ ነው። ስለዚህ በመድረክ ላይ ወይም በሥዕል ውስጥ አካል ጉዳተኛን የሚያቀርብ ጥበበኛ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ። ያቀረበው ሰውን ነው ወይስ ጉድለትን? አንካሳን ለሣቅ፣ ሽባን ለእንባ ብቻ የሚጠራ ጥበብ ከሰውየው ፈቃዱን ቀምቶ እግሩን ብቻ ያስቀረዋል።

አማርትያ ሰን በ1979 ስለ እኩልነት ባደረገው ንግግር ሁለት ሰዎች እኩል ሀብት ስላላቸው ብቻ እኩል ናቸው ሊባል እንደማይችል ያስረዳው የአካል ጉዳተኛን ኑሮ በምሳሌነት አንስቶ ነበር። መታየት ያለበት ሰው በእጁ የያዘው ብቻ ሳይሆን በያዘው ነገር ሊሆንና ሊያደርግ የሚችለው ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የአንድ ልጅ መራመድ በከፊል በእግሩ፣ በከፊል ደግሞ በዙሪያው ይወሰናል። ሁለት ዓመት ለፍቶ በክራንች መራመድ የቻለ ልጅ የክፍሉ በር ላይ አራት የድንጋይ ደረጃ ቢያገኝ፣ ያ ደረጃ የቀረ ግትርነት ነው፤ ያለው ግን በልጁ ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን በኅብረተሰቡ አካል ውስጥ ነው። ለእሱ ቢላዋ አያስፈልገውም፤ ሲሚንቶ፣ ጠፍጣፋ መወጣጫና የሚያስብ መሐንዲስ ይበቁታል።

በኢትዮጵያም ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በ1962 በመናገሻ የተመሠረተው የቸሻየር ማእከል በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን በማገገሚያ ሥራ ሲረዳ የቆየው ይህንኑ በመረዳት ነው። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመቹ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ በ2010ም አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላ አጽድቃለች። ሕጉ መጻፉ ማሰሪያን መፍታት ነው፤ መራመድ ግን ገና ሥራ ነው። የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ለሕግ አውጪም፣ ለአስተዳዳሪም፣ ለመምህርም የሚናገረው ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። እንቅፋትን በአንድ ቀን ማንሣት ይቻላል። ችሎታ ግን በአዋጅም በቢላዋም አይታዘዝም፤ በየዕለቱ ይሠራል።

እንግዲህ ከግትርነቱ የተፈታ ልጅ እድገቱ በምን ይለካ ለሚለው ጥያቄ ሦስት ልኮች በአንድነት ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ልጁን ከትናንቱ ከራሱ ጋር የሚያስተያየው ነው። ሁለተኛው እርምጃው ወዴት እንዳደረሰው፣ የማንንስ ፈቃድ እንደፈጸመ የሚጠይቀው ነው። ሦስተኛው ዋስ የሆኑለት ሰዎች በውድቀቱ ሳምንት የት እንደነበሩ የሚቆጥረው ነው። ሦስተኛው ልክ በየትኛውም የሕክምና መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ያለ እሱ አይሞሉም። ልጁ አንድ እርምጃ በተራመደ ጊዜ ኅብረተሰቡ ስንት እርምጃ ወደ እሱ ተራመደ? ይህን ጥያቄ መመለስ የልጁ ዕዳ አይደለም።